ዓመት ሳይሆን ጠዋት ጠብቂ

ደብረ ማርቆስ በእኛ ሰፈር ቡና በተፈላ ቁጥር የማይቀር አንድ አነጋገር አለ፤ «ልጆቹ ከፍ ይበሉና።» ልጆቹ ከፍ ይበሉና ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ልጆቹ ከፍ ይበሉና ላሊበላን እሳለማለሁ። ልጆቹ ከፍ ይበሉና ጣናን አያለሁ። እኔም ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ከፍ ሲል ሁለተኛዋ ተወለደች፤ እሷ ድክ ድክ ብላ ሳትጨርስ ሦስተኛው መጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያ የምጠብቀው ዕድሜ በእኔ ቤት በር በኩል አያልፍም።

ስለዚህ በጥር 2012 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃችንን፣ የአራት ዓመቷን ሴት ልጃችንንና የዘጠኝ ወሩን ሕፃን ይዘን ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ወደ ዘጌ በጀልባ ልንሄድ ተነሣን። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ጉዞ ነው። ልጅ አዝለሽ ምኞትሽን ቆጥ ላይ የሰቀልሽ እህቴ፣ ይህ ላንቺ ነው። አባት የሆንህ ወንድሜም አንብበው፤ ሕፃን ይዞ ጀልባ ላይ ለመውጣት ሁለት እጅ አይበቃም።

«ምን ነካሽ ልጄ? ዳዴ ያላለ ሕፃን ይዞ ባሕር?» አሉኝ አማቴ። አልፈረድኩባቸውም። ደጋ የተወለደ ሰው ውኃን የሚያውቀው መንገድ ሲቆርጥበት ነው፤ ክረምት ላይ የጨሞጋ ወንዝ ሲሞላ፣ ዓባይ በረሃው ውስጥ ደፍርሶ ሲወርድ። ውኃ ለእኛ ተሻግረነው የምናመሰግንበት እንጂ ተቀምጠንበት የምንሄድበት አልነበረም። ብዙ ተከራከርኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ «እማዬ፣ ጣና ቂርቆስን ረሱት እንዴ?» አልኳቸው። እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ሕፃኑን ታቅፋ ወደዚያች ደሴት እንደመጣችና ሦስት ወር ያህል እንደተቀመጠች አበው ሲናገሩ እሳቸውም እኔም ሰምተን ነው ያደግነው። አማቴ ጥቂት ዝም አሉ። «እሱስ እውነት ነው» አሉና ከሣጥኑ ሥር አንቀልባውን አወጡት።

አንቀልባው ባለቤቴም አክስቶቹም የታዘሉበት ነው። ቆዳው ከቅቤው ብዛት ጠቁሯል፤ ጠርዙን ተከትሎ ዛጎል በሦስት ረድፍ ተሰፍቶበታል። አንዱን ዛጎል በጣቴ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነው፣ በመሐሉ ጥርስ የመሰለ ስንጥቅ አለው። ዛጎል ከዓባይም ከጣናም አይወጣም። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እያለ፣ በሲራራ በቅሎ ተጭኖ ጎጃም የደረሰ የባሕር ቀፎ ነው። ለካ የእኛ የደጋ ሕፃናት ባሕርን ተደግፈው ነው የሚያድጉት! በዚያች ቅጽበት ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶ በር፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ለልጅ ረጅም ነው። ትልቁ ልጄ ገና ደምበጫ ሳንደርስ «ደረስን?» ማለት ስለጀመረ የደንገሏን ጀልባ ታሪክ አወራሁለት። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ አመነ፤ ሊቃውንቱ ግን ደንገል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይበሰብሳል አሉት። ታዲያ ደንገሉን ከየት አመጣው? ከእኛ ከጣና። 12 ቶን ደንገል ተቆርጦ ግብፅ ድረስ ተጓጓዘ፤ ጀልባዋ ከጊዛ ፒራሚዶች ሥር ተሠራችና «ራ» ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ብዙውን ከተጓዘች በኋላ ውኃ ጠጥታ ተፈታችና ሰዎቹ ትተዋት ወጡ። «ከዚያስ?» አለኝ ልጄ። ከዚያማ በዓመቱ ሌላ የደንገል ጀልባ አሠራ። ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ልጄ ኮሶ በር እስክንደርስ «ደረስን?» አላለም፤ ሁለተኛዋን ጀልባ ምን እንዳሻሻሉላት ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። ልጅ ወድቆ ስለተነሣ ሰው ሲሰማ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ ያየሽ እናት ታውቂዋለሽ።

ባሕር ዳር የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ውኃው ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አየሁና ልቤ ቸኮለ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል! ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ የጀልባ ባለቤት «አሁኑኑ ላድርሳችሁ» አለን። ገብተን ልንቀመጥ ስንል ትልልቆቹ ላይፍ ጃኬቶች አሉ፤ ለልጆች የሚሆን ግን አንድም የለም። ዳር ላይ ያለው ውኃ ነጭ ነጭ አረፋ መትፋት ጀምሯል። «ምንም አይል፣ ለምደነዋል» አለን። ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ እኔ ሕፃኑን አየሁ። «ዛሬ አንሄድም» አልኩ።

ሴት ልጄ አለቀሰች። እኔም እንባዬ መጥቶ ነበር። ግን ያንን «አንሄድም» ያልኩበትን ቀን በሕይወቴ ደፋር ከሆንኩባቸው ቀኖች እቆጥረዋለሁ። እኛ ሰዎች «ድፍረት» ስንል ዓይንን ጨፍኖ መግባት ይመስለናል። ሕፃን የያዘ ሰው ድፍረት ከዚህ የተለየ ነው፤ ዓይንን ገልጦ መግባት ነው። ዓይኑን የገለጠ ሰው ደግሞ አንዳንድ ቀን ከወደቡ ይመለሳል።

በዚያው ምሽት አንድ ሽማግሌ ጀልባ ነጂ የነገሩን ነገር ለእኔ ከብዙ መጽሐፍ በልጦብኛል። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ዙሪያው ያለው የብስ ከሐይቁ ፈጥኖ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከውኃው በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይሮጣል። ያ ነው ነፋሱ፤ ነፋሱም ነው ማዕበሉ። 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ሐይቅ ላይ ነፋስ ሜዳ አያጣም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ጠዋት በማለዳ ይሄዳል።

ይህን ሰምቼ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ሰባት ዓመት ስጠብቅ የነበረው ነገር ልክ አልነበረም። ልጆቼ ማደግ ያለባቸው መስሎኝ ዓመት እቆጥር ነበር፤ መቁጠር የነበረብኝ ግን ሰዓት ነው። አንቺስ? ልጆቹ እስኪያድጉ ያቆየሽው ትምህርት፣ ሥራ፣ ጉዞ የእውነት ዓመት ይፈልጋል? ወይስ ለስላሳ የሆነ አንድ ጠዋት ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ደግሞ ስንቅ አዘጋጅቶ ማደር ነው የሚፈልገው? ዓመት አትጠብቂ፤ ጠዋት ጠብቂ።

ዝግጅቱን በዝርዝር ልንገርሽ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ነው ፍርሃት የሚሞተው።

የልጆቹን ላይፍ ጃኬት ቀደም ብለን ነበር ውጭ አገር ያለች ዘመዳችንን ያስላክናት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን በማደሪያችን ሻንጣ ውስጥ ትተነው ነበር የመጣነው፤ ጀልባው ላይ ይኖራል ብለን። ከዚያ ወዲህ ጃኬቱ ከእኛ ጋር እንጂ ከሻንጣው ጋር አይሄድም። የሕፃን ላይፍ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። ለጨቅላ የሚሆነው ራስን ቀና አድርጎ የሚይዝ አንገትጌ፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ከጀርባውም አንጠልጥሎ ለማውጣት የሚሆን እጀታ አለው። ልክ መሆኑን ለማወቅ ልጁን አልብሰሽ ጃኬቱን በትከሻው በኩል ወደ ላይ ሳብ አድርጊ፤ አገጩና ጆሮው ወደ ውስጥ ከሰመጠ ሰፍቶታል። እኛ ገና ደብረ ማርቆስ ሳለን ለአንድ ሳምንት ያህል በየማታው እያለበስን ሳፋ ውስጥ አጫወትናቸው። መጀመሪያ ቀን ሕፃኑ ጮኸ፣ በሦስተኛው ቀን ዝም አለ፣ በአምስተኛው ቀን ሲያወልቁበት ማልቀስ ጀመረ።

የደጋ ሰው ሌላም የማያስበው ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የወባ ትንኝ ብዙም አታስቸግረንም። ጣና ግን ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ወባም አለ። አጎበር ሳንይዝ አንወርድም። ዳር ዳሩ ላይ ያለው የረጋ ውኃ ደግሞ ቢልሃርዚያ ስላለበት ልጅ «እግሬን ልንከር» ሲል አይፈቀድለትም። ባርኔጣ፣ ተጨማሪ ልብስ፣ የፈላ ውኃ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። ለሕፃኑ ጡቴ አለ፤ የእግዚአብሔር አገልግል ክዳን አያስፈልገውም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ በሚሳፈርበት የዘጌ ጀልባ ተሳፈርን። ውኃው እንደ መስተዋት ረግቷል። ከጎኔ አንዲት የዘጌ ሴት ተቀመጠች፤ ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንስ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች፣ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጇ የያዘች። አሁንም ዓይኔ ላይ አለች። ወደ ጀልባው ከመግባቷ በፊት ዳር ላይ ቆመችና የአንቀልባውን ማሰሪያ ፈታች። ሕፃኑን ወደ ፊት አዞረችው። ሲሳፈሩ ለሚረዳው ወጣት አቀበለችውና መጀመሪያ እሷ ገባች፤ ከተቀመጠች በኋላ ልጇን ተቀበለች። ትልቋን ልጅ በጉልበቶቿ መካከል፣ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ አስቀመጠቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዴም አልቸኮለችም።

እኔ ልጄን እንዳዘልኩ ተቀምጬ ነበር። አየችኝና ፈገግ አለች። «እታለም፣ ፍቺው እንጂ» አለችኝ። «በምድር በጀርባ ነው፣ በውኃ በጭን ነው።» ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ፤ ጀልባ ቢያዘነብል፣ እናት ብትወድቅ፣ ከጀርባዋ የታሰረ ሕፃን ፊቱ ውኃ ውስጥ ነው፣ እሷም እጇ አይደርስለትም። ጭን ላይ ያለ ልጅ ግን ይያዛል። ስለ ጀልባ ጉዞ የሚያስተምሩ የውጭ ባለሙያዎችም ሕፃን በማዘያ ታስሮ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ነው። እሷ ግን ከእናቷ ነው የተማረችው። አንቀልባውን ፈታሁት፤ ላይፍ ጃኬቱን አልብሼ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አንቀልባው ራሱ ታጥፎ መቀመጫ ሆነልኝ።

ከዚህች ሴት የተማርኩትን ስንቴ እንዳስታወስኩት አልነግርሽም። እኔ «ጀብዱ» ብዬ ሰባት ዓመት የፈራሁት ነገር ለእሷ የማክሰኞ ጠዋት ነው። የደቅ ደሴት እናቶች ገበያ የሚሄዱትም፣ ዘመድ የሚጠይቁትም ልጅ ታቅፈው በውኃ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች አባታቸው ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ በነዶ በነዶ አስሮ ታንኳ ሲሠራ እያዩ ያድጋሉ፤ ታንኳው ከውኃ ሲመለስም ደንገሉ የጠጣው ውኃ እንዲንጠፈጠፍ ዳር ላይ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። እንግዲህ የምትፈሪውን ነገር በየቀኑ የሚሠራ ሰው የሆነ ቦታ አለ። ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ።

ለልጆቹ ሥራ ሰጥተናቸው ነበር። ትልቁ ቆጣሪ ነው፤ አምስት ራስ፣ አምስት ጃኬት፣ ስንሳፈር አንዴ ስንወርድ አንዴ። ትንሿ የአገልግል ጠባቂ ናት። ሥራ የያዘ ልጅ አይቅበጠበጥም፤ ሴት ልጄ አገልግሉን በሁለት እጇ አቅፋ መቋሚያ እንደያዘ ደብተራ ኮራ ብላ ተቀመጠች። ትልቁን ግን መሐል መንገድ ላይ አቅለሸለሸው። ነገሩ የተለመደ ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የጉዞ ማቅለሽለሽ እምብዛም አይነካቸውም፣ ከሁሉ የሚያስቸግረው በእሱ ዕድሜ አካባቢ ያሉትን ነው። እንቅስቃሴው ወደሚያንስበት ወደ ጀልባው መሐል አመጣነውና «ያንን የሩቅ ተራራ እያየህ ንገረኝ፣ ምን ይመስላል?» አለው አባቱ። ተራራ የለመደ ልጅ ተራራ ሲያይ ይረጋጋል። ዳቦ ቆሎ ጥቂት ቆረጠመና ቀለሙ ተመለሰ። ሕፃኑማ ሞተሩ እንደ እሹሩሩ ሆኖለት ገና ከባሕር ዳር ሳንርቅ አንቀላፍቶ ነበር!

ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባበት ከጀልባው ላይ ተሳልመን አለፍን። ዘጌ ስንደርስ የቡናው ጫካ እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ ወርዶ ተቀበለን። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር የሆነባት፣ በቡናዋና በጌሾዋ የምትኖር አገር ናት፤ ከደን በታች ያለውን ጨለምለም ያለ መንገድ ይዘን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። እዚያ ሴትም ሕፃንም ይገባል። ከጣሪያ እስከ ወለል በሥዕል በተሞላው ግድግዳ ፊት ሕፃኑን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ቀለሙን ለመንካት እጁን ዘረጋ። ይህን አያስታውሰውም ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ አያስታውሰውም። እኔ አስታውሰዋለሁ፤ ልጆችን ይዞ መጓዝ ለልጆቹ ብቻ የሚደረግ ነገር መስሎሽ ከሆነ እናትም ነፍስ አላት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ልጆች የተጻፈ ካገኘሁ አላልፍም። ላውራ ዴከር የምትባል ልጅ አለች፤ ወላጆቿ ዓለምን በሸራ ጀልባ ሲዞሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ኒውዚላንድ ወደብ ላይ ወለዷት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ባሕር ላይ ነው ያሳለፈችው። በ13 ዓመቷ «ዓለምን ብቻዬን ልዙር» ስትል የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ከለከላት፤ ሲፈቀድላት ተነሣችና እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በ16 ዓመቷ ዙሪያውን ጨርሳ ገባች። የእኔ ልጅ እንዲህ ያድርግ አልልም፤ ይህን ያህልም ልቤ አይችልም። እኔን የሚደንቀኝ የወላጆቿ ነገር ነው። ልጅ ስትወለድ መልሕቅ ጥለው አልቀሩም፤ ለእሷም ቦታ አበጅተው ቀጠሉ። አንቺም የጀመርሽው ነገር ውስጥ ለልጅሽ ቦታ አብጂለት። ማታ ስታጠኚ ትንሽ ደብተር ገዝተሽለት አጠገብሽ አስቀምጪው። ሱቅ ልትከፍቺ ከሆነ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፊለት። ልጅ የሚያስቸግረው ቦታ ሲያጣ ነው።

ጣና ሩቅ ከሆነብሽም በአቅራቢያሽ ካለው ጀምሪ። እኛ በሳፋ ነው የጀመርነው።

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ አገር አቋርጣ ባሕር ዳር ገባች። ያን ጊዜ ሳፋ ውስጥ ሲጮኽ የነበረው ሕፃን አሁን ስድስት ዓመት አልፎታል። በቴሌቪዥን መርከቢቱ በተራራ መንገድ ላይ ስትሄድ ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እማዬ፣ ጀልባ በመኪና ትሄዳለች እንዴ?» አለኝ። «ትሄዳለች» አልኩት፤ «ውኃ ከፈለገች ትሄዳለች።» ዘጌ የሄደበትን ቀን እንድነግረው ይጠይቀኛል፤ ወንድሙ አስቀድሞ ይነግረዋል፣ እህቱ ታርመዋለች፣ አገልግሉን ማን እንደያዘ ማንም እንዲረሳባት አትፈልግም።

አሁን ቆጣሪው እኔ ነኝ ብሏል ትንሹ። መንገዱን ሰላም ያድርግልንና ጥር ላይ ልንወርድ አስበናል፤ በዚህ ጊዜ አማቴም አብረውን አሉ። አሮጌዎቹ ጃኬቶች ጠበዋቸዋልና ትናንት አዲሶቹን በትከሻቸው በኩል እየሳብኩ ለካሁላቸው። አገልግሉን ከተሰቀለበት አውርጄ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።